ግድግዳው መጀመሪያ ይድረቅ

ድርጅታችን ለዓመታት ከሠዓሊያን የገዛቸው ሥዕሎች ማደሪያ አልነበራቸውም። ከፊሎቹ በየቢሮው ተሰቅለው ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ከፊሎቹ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ያለ አሮጌ የነጋዴ ቤት ተገዛና አድሼ የሥዕል ቤት እንዳደርገው ለእኔ ተሰጠኝ። በሙያዬ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ። ያን ቤት ግን ገና በሩን ስከፍት ወደድኩት፦ የድንጋይ መሠረት፣ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በክፈፉ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ የእንጨት ጌጥ።

ፈቃዱን አስቀደምን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ማደስ አይቻልም። እያንዳንዱን ክፍል ለክተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ምን እንደምንነካና ምን እንደማንነካ ጽፈን አስገባን።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ወር ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤቶች የጭቃውን ግድግዳ በውጭ በኩል በሲሚንቶ ለስነውት ነበር። ልስኑ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቆ ሳይ፣ እኔም ስንጥቁን በሲሚንቶ አስሞላሁት። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ የምሥራቁ ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ፤ በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ።

የግንበኞቹ አለቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በጭቃ ቤት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት ታፍኗል» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ልብሱን አውልቁለትና ነፋስ ይግባው።»

ሲሚንቶውን በመሮ አነሣነው። ከሥሩ ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ በእጃችን ላይ ቀረ። ጭቃ ከመሬትና ከዝናብ የጠጣውን ውኃ መልሶ ለአየር ይሰጣል፤ ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋበታል፤ ውኃው እዚያው ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። አንድ ነገር ግን ልቤን አሞቀው። ቤቱ ሲሠራ የቆሙት የጥድ ቋሚዎች ከጥቂቶቹ በቀር ደኅና ነበሩ። በኋላ ጥገና ላይ የተተኩትን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ግን ምስጥ ቅርፊት ብቻ አስቀርቷቸዋል፤ ስጨብጠው አንዱ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ችኮላ ቀረ። አፈሩ ተነፋ፣ የጤፍ ጭድ ገባበት፣ በእግር ተረገጠ፣ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ተብላላ። ሽታው ሲኮመጥጥ ጋሼ ቆንጥረው በመዳፋቸው መካከል እንደ ገመድ ያሾሩታል። ከተቆረጠ «ገና ነው» ይላሉ፤ ሳይቆረጥ ከተጠመዘዘ ምርጊቱ ይጀመራል። በየንብርብሩ መካከል እስኪደርቅ ጠበቅን። የመጨረሻው ልብስ ኖራ ነበር። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ነው፤ በአዳማ ሙቀትና ነፋስ ቶሎ ከደረቀ ግን እንደ ዱቄት ይራገፋል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ እየሰቀልን ጠዋት ማታ ውኃ አርከፈከፍንበት።

ነፋሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያንን ሁሉ ክንፍ የሚያሽከረክር ነፋስ በእያንዳንዱ የመስኮት ስንጥቅ አቧራ ይዞ ይገባል። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አስተካክለን ጠርዛቸውን በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ዘጋን።

በረንዳው በመስታወት ይዘጋ የሚል ሐሳብ ከአለቆቼ መጣ። አጥብቄ ተቃወምኩ። ያ በረንዳ የቤቱ ጥላ ነው። ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ለብራናና ለወረቀት ሥራዎች 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለም ሥዕሎች 200 ሉክስ ገደማ ብርሃን ይበቃል፤ የአዳማ ቀትር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ በመጨረሻ በብርሃን መለኪያ ክፍል ለክፍል ዞረን ቁጥሩን በዓይናቸው ሲያዩ ተስማሙ። የአየር ማቀዝቀዣም አላስገባንም። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር እርጥበቱ ከሚዋዥቅ፣ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ራሱ እንዲያረጋጋው መተው ይሻላል።

አሰቃቀሉንም ያስተማረን ግድግዳው ነው። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም። ስለዚህ በኮርኒሱ ሥር ቋሚዎቹ ላይ ብቻ የተመታ የጣውላ መስመር ዘርግተን ሥዕሎቹን በሽቦ አንጠለጠልናቸው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማም ሲሰማ ሌሊት ሮጬ ሄድኩ። በባትሪ ብርሃን ሳያቸው ጥቂቶቹ ጠመም ብለዋል እንጂ አንድም አልወደቀም፤ ግድግዳውም አልተሰነጠቀም።

እንደገና ብጀምር መጀመሪያ ጣሪያውንና የውኃ መውረጃውን ጠግኜ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቤቱን ብቻ እመለከት ነበር። ከየት እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚደርቅ ያኔ ይታወቅ ነበር።

ያ የተነፋው የምሥራቅ ክፍል እስካሁን ሥዕል አልገባበትም። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት እየሄድኩ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ፤ ከታች፣ ከድንጋዩ በላይ አንድ ክንድ ያህል፣ አሁንም ይቀዘቅዛል።