ትርፍ 18 ሰዎች

ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቢሮ ውስጥ መደማመጥ አይቻልም። እኔ ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የኩፍኝን ስርጭት የሚያሰላ ፕሮግራም እሠራለሁ። በማግስቱ ለኃላፊዎች ግራፍ ማሳየት አለብኝ።

ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ከርማክና ማኬንድሪክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጽሑፍ የመጣ። ሕዝቡን ሦስት ቦታ ትከፍለዋለህ፦ ተጋላጭ፣ ታማሚ፣ ያገገመ። 10,000 ሰው ወሰድሁ። 100ው ታመዋል፣ ሌላው ሁሉ ተጋላጭ ነው። ኩፍኝ መቼም ክፉ ነው፤ ማንም ባልተከተበበት አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። እኔ 15 አልሁ። የሚያስተላልፈው ሽፍታው ሊወጣ 4 ቀን ሲቀረውና ከወጣ በኋላ 4 ቀን ነው። 15ን ለ8 ቀን አካፈልሁ፤ አንድ ታማሚ በቀን 1.875 ሰው ያስይዛል ማለት ነው። ከታማሚዎች ደግሞ በየቀኑ ከስምንት አንዱ ያገግማል።

ግራፉ ሲያምር! ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል።

የቢሯችን ሒሳብ ሹም የአበል ወረቀት ሊያስፈርሙኝ መጡ። ኮድ የሚባል ነገር አያውቁም። ግራፉን አላዩትም፤ ዓይናቸው ያረፈው ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ አይታረቅም።»

«ምኑ ጋሼ?»

«በመጀመሪያው ቀን 10,018 ሰው፣ በማግስቱ 10,047። ማን ወለደ?»

«ኧረ ጋሼ፣ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው።»

«ማጠጋጋት በአንድ ሌሊት 18 ሰው ይወልዳል? ኋላ አበል ይጠይቁኛል እኮ!»

ሳቅሁ። ከዚያ ኮዱን ከፍቼ ሳየው ሳቄ ጠፋ። የመጀመሪያው መስመር ከተጋላጮች 186 ሰው ይቀንሳል። ሁለተኛው መስመር አዲስ ታማሚዎችን ሲያሰላ ግን የሚጠቀመው በተቀነሰው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የገቡት 182 ብቻ። ሦስተኛው ብሶ አረፈው። ከታማሚዎች የወጡት 12 ተኩል ሲሆኑ፣ ካገገሙት ጋር የተደመሩት 34 ገደማ ናቸው፤ ያበጠውን አዲሱን የታማሚ ቁጥር ይዞ ነበርና።

ነገርኋቸው። «አየህ፣» አሉ፣ «ከጎተራ ስታወጣ በአንድ ቁና ሰፈርህ፣ ወፍጮ ቤት ስትደርስ በሌላ ቁና።» እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

አሁን ኮዱ በጠዋቱ ቁጥር ብቻ ስንት እንደሚያዝ፣ ስንት እንደሚያገግም አስቀድሞ አስልቶ ይይዛል። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይደምራል። 10,000 ልክ መጣ። ድምሩ በየቀኑ ካልታረቀ ፕሮግራሙን የምታቆም አንዲት መስመርም ጨመርሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሽታው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበትን ጊዜ ላስገባ ብዬ አራተኛ ክፍል ጨመርሁ። ያቺ መስመር ወዲያው አቆመችኝ። ለካ አዲስ የተያዙትን ወደ አዲሱ ክፍልም፣ ወደ ታማሚዎችም እየላክኋቸው ነው። ሒሳብ ሹሙ ስጨናነቅ ከበር አይተውኛል።

«ደግሞ ስንት ወለድህ?» ብለውኝ አለፉ።