ከመቶ ሺህ ሰው ስንቱ? በሽጉጥ ፈቃድ ቁጥሮች ስታቲስቲክስ ስለማመድ

ሰሞኑን ደስ ያለኝን ነገር ላካፍላችሁ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ስታቲስቲክስ በራሴ እየተማርኩ ነው። አሁን የመንግሥት ሰንጠረዥ አንስቼ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ ሁለት ቡድኖችን ማወዳደር ቻልኩ። አማካዩን፣ ግራፉን፣ የኤክሴሉን ነገር አልፈዋለሁ፤ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል።

መለማመጃዬ የምኖርበት ቴክሳስ ነው። እዚህ ዳላስ አካባቢ ሱቅና ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቡና ላይ የሽጉጥ ወሬ አይጠፋም። አንዱ "ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ያወጣ ሰው ወንጀል አይሠራም" ይላል። ሌላው "መሣሪያ የታጠቀ ሁሉ ያው ነው" ይላል። የግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ በተመረጡ ወንጀሎች ስንት የጥፋተኝነት ፍርድ እንደተሰጠ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በባለፈቃዶች ላይ እንደሆነ በየዓመቱ ያወጣል።

የ2011ን ወሰድኩ። ጠቅላላው 63,679 ፍርድ ነው። የባለፈቃዶቹ 120፣ ማለትም 0.19 በመቶ ገደማ። ብዙ ሰው ይህን ይዞ "ከባለፈቃዶች ጥፋተኛ የሆኑት 0.19 በመቶ ብቻ ናቸው" ይላል። እንደዚያ አይደለም። 0.19 የፍርዶቹ ድርሻ ነው፤ ታህቱ ላይ ያሉት ፍርዶች እንጂ ባለፈቃዶች አይደሉም። በዚያ ዓመት ባለፈቃዶቹ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ነበሩ፤ 21 ዓመት የሞላው የቴክሳስ ነዋሪ ደግሞ ወደ 17 ሚሊዮን። ስታካፍሉት ከመቶ ሺህ ባለፈቃድ 23 ገደማ፣ ከመቶ ሺህ ሌላ ሰው 380 ገደማ ፍርድ ይወጣል። ልዩነቱ ወደ 16 እጥፍ ነው። ይህን በእርሳስ ነው የሠራሁት፤ እናንተም ኤክሴል ከመክፈታችሁ በፊት በእርሳስ ሥሩት። ከምን ላይ እንደተሰላ ያልተነገረ ፐርሰንት ዋጋ የለውም።

ብዙ ማታ የወሰደብኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 16 እጥፉ ምን ይናገራል?

ፈቃዱን ማን እንደሚያገኝ ተመልከቱ። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት አያገኝም። ባለፉት 5 ዓመታት ከፍ ባሉት የቀላል ወንጀል ደረጃዎች የተፈረደበትም አያገኝም። የልጅ ማሳደጊያ ውዝፍ ያለበትም እንዲሁ። አሻራ ይሰጣል፣ ኮርስ ይወስዳል፣ ተኩስ ይፈተናል። ያኔ ክፍያው ብቻ 140 ዶላር ነበር። በሌላው ወገን ያለው "ጠቅላላ ሕዝብ" ግን ትናንት ከእስር የወጣውንም ይጨምራል። በመግቢያ ፈተና ተማሪ የሚመርጥ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍልን በሙሉ ሲያሳልፍ ምስጋናው የመምህሩ ነው ወይስ የመግቢያ ፈተናው? ጥያቄው ይኸው ነው።

ዕድሜም አለ። ወንጀል የሚበዛው በወጣትነት ነው፤ ፈቃድ የሚያወጣው ደግሞ በአብዛኛው ጎልማሳ ነው። ይህ ስላልገባኝ የልምምድ ቁጥር ፈጠርኩ። ከሺህ ወጣት 10፣ ከሺህ ጎልማሳ 2 ያጠፋል እንበል። አንዱ ቡድን 200 ወጣትና 800 ጎልማሳ፣ ሌላው 600 ወጣትና 400 ጎልማሳ ይኑረው። የመጀመሪያው 3.6፣ ሁለተኛው 6.8 ይወጣል። በየዕድሜው ጠባያቸው አንድ ነው፤ ድምሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን በእጄ ስሠራው ነው የበራልኝ። ቪዲዮ ማየት ብቻውን አያስተምርም፤ ቁጥር ፈጥራችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር ልናገር። እኔ መሣሪያ አልወድም። ቁጥሩ ባለፈቃዶቹን ሲያመሰግን ልቤ ማምለጫ ይፈልጋል። ስለዚህ የምፈልገውን መልስ አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ እሱን በሚቃወመው በኩል እጀምራለሁ። የማጣሪያውንና የዕድሜውን ጉዳይ ከጠቀስኩ በኋላም ባለፈቃዶቹ ጥፋተኛ የሚባሉት ከሌላው እጅግ ባነሰ መጠን መሆኑ አይካድም። ይህን ቡና ላይም እናገራለሁ።

በ2013 የታተመ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከ2001 እስከ 2009 ያለውን አይቶ ይህንኑ አገኘ። ግን ሌላም አገኘ። ባለፈቃዶች ሲፈረድባቸው፣ ከሌሎቹ ፍርደኞች ይልቅ የእነሱ ፍርድ ወደ ወሲብ ጥቃት፣ ከመሣሪያ ጋር ወደተያያዘ ወንጀልና ሰው ወደሞተበት ጉዳይ ያደላል። ድምር ብቻ አይታችሁ አትነሱ፤ የወንጀሉን ዓይነት በየረድፉ እዩ።

ቀጥሎ የምሠራው ከ2021 በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ ዓመት መስከረም ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። አሁንም ፈቃድ የሚያወጣው ሌላ ግዛት ውስጥ እንዲያገለግለው ወይም መሣሪያ ሲገዛ እንዲቀልለው ብሎ ሊሆን ይችላል። "ባለፈቃድ" የሚባለው ቡድን ራሱ ተቀይሯል ማለት ነው። ስለዚህ 2011ን እና 2022ን በአንድ ግራፍ ላይ ዝም ብዬ አላገናኝም፤ መሃላቸው ላይ የሚለያቸው መስመር አሰምራለሁ።