ጫማው የጠበበው ልጅ

ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ሲገባ ሥራ የሚሠራው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ሰው አታስቆምም። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የምግብ እጥረት ልየታ በሚካሄድበት ቀን እናቶች ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ይሰለፋሉ። እኛም ጥላው ሳይሸሽ ለመጨረስ እንጣደፋለን።

ሴትየዋ የመጣችው ለራሷ ነበር። የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች፤ ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትቸረችራለች። የክንዷ ዙሪያ 22 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ክንድ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ተጨማሪ ምግብ ስለሚሰጣት መዘገብኳት። ቀሚሷን ይዞ የቆመ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ ነበራት። መጥቶ ሳይለካማ አይመለስም ብዬ የግራ ክንዱን ያዝኩ፤ ከትከሻው እስከ ክርኑ መሐሉን አግኝቼ ሜትሩን አዞርኩበት። 12.7። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ፤ 12.5 እና ከዚያ በላይ አረንጓዴ። “አረንጓዴ” ስል ዓይኔ ቀጣይዋ እናት ላይ ነበር።

“ጉንጩም ሞላልኝ” አለችኝ ደስ ብሏት። “እግሩ ራሱ አድጎ፣ ለፋሲካ የገዛሁለት ሳንዳል ጠበበው።”

“እሰይ! ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው” አልኳት።

እውነትም ጨዋ ነበር። ክንዱን ስይዘው አላለቀሰም፤ ሜትሩን ልንጠቅ አላለም። እኩዮቹ የግቢውን ድመት ሲያሳድዱ እሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

በስድስተኛው ቀን አያቱ አዝለውት መጡ። ማታ እግሩን ሲያጥቡት አውራ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። “ልጄ፣ የወፈረ ሥጋ እንዲህ አይሆንም” አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣቶቼ ተጭኜ እስከ ሦስት ቆጠርኩና ለቀቅኩ። የተቦካ ሊጥ ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነበር። ሁለቱ ጉድጓዶች ጣቶቼን ካነሳሁ በኋላም አልጠፉም። እጆቹና የዓይኑ ቆቦች አብጠዋል፤ ፀጉሩ ሳስቶ ወደ ቀይ አድልቷል።

ሁለቱም እግሮቹ እንዲህ ያበጡ ልጅ ሜትሩ አረንጓዴ ቢያሳይም ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ይህን እኔ የተማርኩት ብቻ ሳይሆን ሌሎችን ያሠለጠንኩበት ነው። ሜትር ዙሪያን ይለካል እንጂ ውሃን ከሥጋ አይለይም። ጨዋነት ያልኩትም ድካም ነበር፤ በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ ይፈዛል፣ ጨዋታ ይተዋል። ክዋሽዮርኮር ይባላል። ስሙን በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሕክምና ያመጣችው ጋና ውስጥ ትሠራ የነበረች ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ናት፤ ቃሉን የወሰደችው ከዚያው አገር ከጋ ቋንቋ ሲሆን፣ ታናሽ ሲመጣ ከእናቱ ጡት የተገፋ ልጅ የሚይዘው ሕመም እንደማለት ነው። የእኛም ልጅ ታሪክ ይኸው ነው። ታናሹ ሲረገዝ ጡት ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም ሻይ በዳቦ።

የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ኤፍ 75 የሚባለውን ወተት በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጡት ጀመር። በሳምንቱ ልጠይቀው ስሄድ እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እብጠቱ ሲወርድ የጎድን አጥንቶቹ ወጥተዋል።

“ሲስተር፣ ያ ወፍራሙ ልጄ የት ሄደ?”

የወጣው ውሃ መሆኑን፣ በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ ክብደት መቀነሱ የመዳን ምልክት መሆኑን አስረዳኋት። ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና፣ “ጫማው ጠበበው ስልሽ ሰምተሽኝ ነበር?” አለችኝ።

“ሰምቼሻለሁ። ሰምቼ አለፍኩት፤ ይቅር በይኝ” አልኳት።

ብዙ ቆየች። ኋላ ሕፃኑን አንስታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችውና ትልቁን ልጇን ወተት ልታጠጣው ጎንበስ አለች።

ከዚያ ወዲህ ከኒም ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጠናል። እዚያ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል፤ ሜትሩ የሚወጣው ሁለቱም እግሮቹ ከተነኩ በኋላ ነው። እናቲቱንም በዚህ ወር ልጅሽ ላይ ምን የተለየ ነገር አየሽ ብለን ጠይቀን እንጽፋለን። ሰልፉ ረዝሟል፤ አንዳንዴ ጥላው ሸሽቶ ፀሐይ ይይዘናል። ባልደረቦቼ ሥራው ዘገየ ሲሉ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አሥር ልጅ ለነገ ቢያድር እመርጣለሁ።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ፕላምፒ ነት የሚባለውን ለሕክምና የተዘጋጀ የኦቾሎኒ ምግብ እየወሰደ በየሳምንቱ ሐሙስ እኛ ጋ ይመላለስ ነበር። እያንዳንዱ ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ እሱ ጥግ ጥጉን በጥርሱ ቀዶ ይመጠዋል። በሦስተኛው ሐሙስ እግሩን ነክቼ ጨርሼ ክንዱን ስይዘው ግቢውን በጩኸት አናጋው። ሜትሩን ከእጄ ነጥቆም አፉ ውስጥ ከተተው።