የወሎ ቅጽል ስሞች በስፓኒሽ ሲጻፉ

ከአስጎብኚነቱ ጎን ለጎን ብሮሸርና የጉዞ ጽሑፍ ወደ ስፓኒሽ እተረጉማለሁ። አብዛኛው ስለ ወሎ ነው። ሰው የሚከብደኝ ታሪኩ ወይም የቤተክርስቲያኑ ቃል ይመስለዋል። እሱስ በመዝገበ ቃላት ይገፋል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ቅጽል ስሙ ነው። «ዳግማዊት ኢየሩሳሌም»፣ «የፍቅር አገር»፣ «የአፍሪካ ጣሪያ»... ቃላቱ ቀላል ናቸው። ችግሩ ብዙዎቹ ማዶ ሌላ ባለቤት አላቸው።

ስለ ላሊበላ ሲጻፍ «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» የምትለው ነገር አትቀርም። ስፔን ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚሞካሸው ኤል ኤስኮሪያል ነው፤ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከማድሪድ ወጣ ብሎ ያሠራው ገዳምና ቤተ መንግሥት። «የአፍሪካ ጣሪያ»ም ያው ነው። እኛ ለሰሜን ተራሮች እንለዋለን፤ በስፓኒሽ «ኤል ቴቾ ዴ አፍሪካ» ሲባል ግን ኪሊማንጃሮ ነው። 5,895 ሜትር ካለው ተራራ ጋር ደግሞ መከራከር አያዋጣም። የደሴን አየር «ዘላለማዊ ጸደይ» ብዬ ላሞግስ ብል የኮሎምቢያዋ ከተማ ሜዴሊን ቀድማኛለች።

ስለዚህ ከመተርጎሜ በፊት ስሙን በስፓኒሽ ጎግል ላይ እጽፍና ማን እንደሚወጣ አያለሁ። ባለቤት ካለው እተወዋለሁ፤ በምትኩ ነገሩን ራሱን እጽፋለሁ። ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። በቂ ነው።

«ዳግማዊት ኢየሩሳሌም» ግን የብሮሸር ፈጠራ ስላልሆነች አልተዋትም። ቦታው ራሱ ይመሰክርላታል። ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ ዮርዳኖስ አለ። «ኑዌቫ ሄሩሳሌን»፣ ማለትም አዲሲቱ ኢየሩሳሌም፣ ለጆሮ ትጥማለች፤ ነገር ግን ለካቶሊክ አንባቢ የዮሐንስ ራእይ ሰማያዊት ከተማ ናት። ለሜክሲኮ ሰው ደግሞ ሚቾዋካን ውስጥ በዚሁ ስም የምትጠራ፣ ከዓለም የተገለለች የሃይማኖት መንደር አለች። «ሄሩሳሌን ኔግራ» የሚሉም አሉ፣ ጥቁሯ ኢየሩሳሌም። ላስታ ውስጥ ማን እንዲህ ብሎ ጠርቷት ያውቃል? «ሴጉንዳ ሄሩሳሌን»፣ ሁለተኛዋ፣ ብዬ ጨረስኩ። ዮርዳኖስን «የላሊበላው ዮርዳኖስ» እለዋለሁ። በበጋ ደረቅ መሆኑንም እጨምራለሁ፤ አለበለዚያ ጎብኚው ካሜራውን ደግኖ ውሃ ይፈልጋል።

ከሁሉም ያደከመኝ «የፍቅር አገር ወሎ» ነው። ቃል በቃል «ቲዬራ ዴል አሞር» ይሆናል። ከባርሴሎና የመጣች ጎብኚ ይህን አንብባ «ለጫጉላ ነው እንዴ የመጣነው?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። እኛ ፍቅር የምንለው ጉርብትናውን ነው፤ አንዱ ቤት እስላምም ክርስቲያንም መኖሩን፣ አባት መሐመድ ተብሎ ልጅ ኃይለማርያም መባሉን።

ስፓኒሽ ለዚህ «ኮንቪቬንሲያ» የሚል ቃል አለው፤ አብሮ መኖር። የስፔኗን ቶሌዶ «የሦስቱ ባህሎች ከተማ» ይሏታል፤ የእስላም፣ የክርስቲያንና የአይሁድ። ወሎን በዚህ መጥራት ያጓጓል። ግን የዚያ ታሪክ መጨረሻ ይታወቃል። አይሁዶቹ እ.ኤ.አ. በ1492 ተባረሩ፤ የካስቲል ሙስሊሞች በ1502 ወይ ተጠመቁ ወይ ውጡ ተባሉ። የወሎው ደግሞ ዛሬም ጎረቤት ነው። ስለዚህ «ቲዬራ ዴል ካሪኞ» አልኩ። ካሪኞ የቤተሰብና የጎረቤት ፍቅር ነው፣ የጫጉላ ሽታ የለውም። ከሥሩ አንድ ነገር አስገባሁ። ሠርግ ላይ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ እንግዳው ግን አንድ ዳስ ሥር ይበላል።

ብሮሸሩን ያዘዙኝ ሰውዬ ስሙ ከርዕሱ ላይ መነሳቱን አይተው «አንተ ልጅ፣ የፍቅር አገርን አወጣኸው?» አሉኝ።

«አላወጣሁትም ጋሼ። ከዳሱ ሥር አስቀመጥኩት።»

ብዙም አልተዋጠላቸውም፤ ግን አሳተሙት።

ሙዚቃው ላይ ስደርስ ስፓኒሽ ራሱ አገዘኝ። ባቲ ከተማም ቅኝትም ነው፤ አምባሰልም ተራራም ቅኝትም ነው። ለሌላ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት አንድ አንቀጽ ይፈጃል። ለስፔናዊ ግን ፍላሜንኮ የሚባለው የአገሩ ሙዚቃ አለለት። ማላጌኛ የሚባለው የዜማ ዓይነት ከማላጋ ከተማ፣ ግራናይና ከግራናዳ፣ ሮንዴኛ ከሮንዳ ነው ስሙን ያገኘው። «እንደ ማላጌኛ» ስለው ባቲ የሰኞ ገበያ ብቻ እንዳልሆነች ወዲያው ይገባዋል። የፍላሜንኮን አገር «ኩና» ይሉታል፤ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ማለት ነው። እኔም ወሎን የትዝታ፣ የባቲና የአምባሰል «ኩና» አልኳት። የሚነጥቀኝ የለም።

ግሸን ደብረ ከርቤም አላስቸገረችኝም። «ሞንቴ ዴ ላ ሚራ»፣ የከርቤ ተራራ። ይህች ሐረግ በስፓኒሹ መጽሐፍ ቅዱስ መኃልየ መኃልይ 4፡6 ላይ ቁጭ ብላለች፤ አንባቢው ሳያስበው ያውቃታል። አምባው ግን በአገር ይለያያል። ለስፔን ሰው አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ «ሙዌላ» ነው፣ መንጋጋ ጥርስ እንደ ማለት። ለቬንዙዌላው «ቴፑይ» ነው። «አምባ»ን እንዳለ እጽፍና እንደ አንባቢው አንዱን አስከትላለሁ።

የአካባቢውን የድሮ ስም ላኮመልዛን ሳልተረጉም ተውኩት። የቀሩኝ የፊደል ጉዳዮች ናቸው። ካርታ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ስፓኒሽ አንባቢ ግሸንን «ሂሸን» ይላታል። ሐይቅንም «አይክ»፣ ምክንያቱም በስፓኒሽ ኤች ፊደል ድምፅ የላትም። አጻጻፉን በስፓኒሽ ደንብ ባስተካክለው ደግሞ ሰውዬው ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቦታውን አያገኘውም። ስለዚህ የካርታውን አልነካም፤ አነባበቡን አጠገቡ በቅንፍ አስቀምጣለሁ።