ሦስት ሰዓት ከአርባ

የአባባ ወረቀቶች ሱቄ የደረሱት በማዳበሪያ ተጠቅልለው ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ ልምድ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አባባ ጎረቤታችን ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ በምድር ባቡር መዝገብ ቤት በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ ኖረዋል። በማዳበሪያው ውስጥ የነበረው እሳቸው የጻፏቸው የደብዳቤዎችና የጣቢያ ሪፖርቶች የካርቦን ግልባጭ ነው። ቆጠርኩት፤ 340 ገጽ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም በደንብ ተጽፎ ልየው» አሉኝ።

አንዱን ገጽ ሞከርኩት። ፊደሉ ስለደበዘዘ ሩብ ሰዓት ወሰደብኝ። ለ340 ገጽ 85 ሰዓት ማለት ነው፤ ያውም ደንበኛ ካላቋረጠኝ። ስለዚህ ወረቀቱን በስካነር አንስቼ ኮምፒውተሩ ራሱ ፊደሉን እንዲያነብልኝ ወሰንኩ። ለዚህ የሚያገለግለው ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራም ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2005 ምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። አማርኛ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህንን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል፤ ፊደላችን በሩቅ አገር በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ቦታ አግኝቶ ሳየው ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ኮምፒውተሬ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ 20.04 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው የተጫነው፤ ፕሮግራሞች ተሰናድተው በሚወርዱበት የፓኬጅ ማከማቻው ያገኘሁት ቴሰራክት ደግሞ 4.1.1 ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠሁት። ግማሹን አነበበ፣ ግማሹን ባዶ አድርጎ ተወው። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ፕሮግራሙ ከማንበቡ በፊት ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጣል፤ ይህንንም የሚያደርገው ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ስልት ነው። ስልቱ ለገጹ በሙሉ አንድ የመለያ ነጥብ ይመርጣል፦ ከዚያ የጠቆረ ሁሉ ጥቁር፣ የነጣ ሁሉ ነጭ። ለንጹሕ የታተመ ገጽ በጣም ጥሩ ነው። የአባባ ወረቀት ግን አንዱ ጥግ ዘይት የነካው፣ ሌላው ጥግ ፀሐይ ያነጣው ነው። በዘይቱ በኩል ፊደሉም ወረቀቱም አብረው ጠቆሩ፤ በፀሐዩ በኩል ፊደሉም አብሮ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የወጣው ቴሰራክት 5 ሳቮላ የሚባል ሌላ ስልት ጨምሯል። ይህኛው እያንዳንዱን ነጥብ የሚመዝነው በዙሪያው ካሉት ጋር እያነጻጸረ ነው፤ በጠቆረው ጥግ በዚያው ጥግ መለኪያ፣ በነጣውም በራሱ መለኪያ። የፈለግሁት ይህንን ነበር። እርግጥ ሌሎች ሰዎች አሰናድተው ያስቀመጡትን አዲስ ፓኬጅ መጫን ይቻላል። እኔ ግን ወደፊት ፕሮግራሙን የአባባን ፊደል ላሠለጥነው አስቤ ስለነበር ማሠልጠኛዎቹንም በአንድነት፣ ከአንድ ኮድ፣ በገዛ ማሽኔ ልሠራቸው ፈለግሁ።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ምንጭ ኮድ ማለት ሰው የጻፈው፣ ሰውም የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ቴሰራክት የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ሊንከር የተለወጡትን ሁሉ አገናኝቶ አንድ የሚሠራ ፕሮግራም ያወጣል። ኮዱን በስልኬ ዳታ አወረድኩና መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የጥቁርና ነጭ ሥራው የተጻፈበትን ፋይል ከፍቶ ማንበብ ነበር። ሁሉም አልገባኝም። ግን የኦትሱና የሳቮላ ስም እዚያው ተጽፎ አየሁት። በዝግ ሶፍትዌር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አይቻልም፤ ወረቀቱ ለምን እንደጠቆረ ሳላውቅ እቀር ነበር።

ከዚያ ኮንፊገር የሚባለውን ምርመራ አስጀመርኩ። ይህ ክፍል ማሽኑን እየዞረ ይጠይቃል፦ ኮምፓይለር አለህ? የፒንግና የጄፔግ ምስል መክፈቻ አለህ? ጥቂት እንደሄደ ቆመና ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል አለኝ። ሌፕቶኒካ ምስል የሚያዘጋጀው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የተዘጋጀ ኮድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአሮጌው ቴሰራክት ጋር ተጭኖልኝ ነበር። ታዲያ እንዴት የለም ይለኛል? የጎደለው ላይብረሪው ሳይሆን ሄደር የሚባሉት ፋይሎቹ ናቸው። በሱቄ በር ላይ የአገልግሎት ዝርዝር ለጥፌያለሁ፦ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጽሕፈት፣ ለእያንዳንዱም ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ። ሄደር ለላይብረሪ እንደዚያ ዝርዝር ነው። ውስጥ ሥራው ቢሠራም በሩ ላይ ዝርዝሩ ካልተለጠፈ ኮምፓይለሩ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። በኡቡንቱ እነዚህ ፋይሎች የሚመጡት ስማቸው በ«ዴቭ» በሚያልቅ የተለየ ፓኬጅ ነው። እሱን ስጭነው ምርመራው አለፈ።

ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው ቀጣዩን መንገር አያስፈልገኝም። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥላ ይፈልጋል። የእኔ ኮምፒውተር ያገለገለ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። አራት ፋይል በአንድ ጊዜ እንዲለውጥ አዝዤው ነበር። ማራገቢያው ጮኸ፣ ማውሱ ደረቀ፣ ከዚያ ኮምፓይለሩ መገደሉን የሚናገር አንድ መስመር መጣ። የገደለው ሊኑክስ ራሱ ነው፤ ራሙ ሲሞላ ማሽኑ እንዳይቆም ብዙ የያዘውን ፕሮግራም ይዘጋል። ኮዱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። አንድ በአንድ እንዲሠራ አድርጌ፣ ሥራውንም ወደ ንጋት፣ ብርድ ወዳለበት ሰዓት አዛወርኩት።

በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሱቁን ከፈትኩ። የስልኬን ዳታ ለመቆጠብ ኢንተርኔቱን አላገናኘሁም። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ እያየሁ ሻይ አፈላሁ። ያ ሰዓት ደስ ይላል። ሳንቡሳ ጠባሿ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች፣ የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች ያልፋሉ፣ ትዕዛዝ በምጽፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ መስመሮቹ ይወርዳሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መብራት ጠፋ።

መብራት የተመለሰው ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ነው። ብዙም አልተጨነቅሁም ነበር፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚመራው ሜክ የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ልክ ለዚህ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የጻፈው፤ ሐሳቡም ቀላል ነው፦ ምንጩ መቼ ተቀየረ? ከእሱ የወጣው መቼ ተሠራ? የተሠራው ከምንጩ በኋላ ከሆነ እንደገና መድከም አያስፈልግም። ስለዚህ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቀጠለም። ግን ወዲያው ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፦ አንዳንድ ፋይሎች የተሠሩበት ጊዜ ወደ 31,500 ሰከንድ ገደማ ከአሁን ወደፊት ነው፤ የሰዓት መዛነፍ አለ፤ ሥራህ ያልተሟላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሊንከሩ አንዱን ፋይል የተቆረጠ ነው ብሎ ጣለው።

በካልኩሌተር አካፈልኩት። 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ እኛ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት የምንለውን ያሳያል። እጄ ላይ ያለው ሰዓትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ሰዓቶች እያፈራረቅሁ ተመለከትኩ። በመጨረሻ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን የማታ ምልክት አየኋት። ኮምፒውተሩ ገና ትናንት ማታ ላይ ነው ያለው።

የሆነው ይህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። የእኔዋ ሞታለች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ኡቡንቱ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር የተስተካከለበትን ጊዜ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያነሰ ሰዓት ሲያገኝ ወደተመዘገበው ያመጣዋል። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ኢንተርኔት ያገናኘሁት ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ቢመለስ ኖሮ ወዲያው አየው ነበር፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ስለተሳሳተ ግን ትክክለኛ መሰለኝ። የተቆረጠውም ፋይል መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ነው። ሜክ ውስጡን አይመረምርም፤ ጊዜውን አይቶ ከምንጩ የኋላ ሆኖ ስላገኘው ተሠርቷል ብሎ አልፎታል።

ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩ፣ እስካሁን የተሠራውን በሙሉ አስጠረግሁ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ አሸዋ ገበያ ሄጄ ባትሪዋን ገዛሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሁሉ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህቺን ባትሪ አስቀድሞ እንዲቀይር ነው፤ ስህተቱ በሌላ መልክ ስለሚመጣ ሰው ምክንያቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። ከተጫነ በኋላ የራሱን ላይብረሪ አላገኘውም አለ፤ የላይብረሪዎችን መዝገብ የሚያድሰውን ትዕዛዝ ስሰጠው ተስተካከለ። ከዚያ ምንም ቋንቋ የለም አለ። ይህም እውነቱን ነው፣ ከምንጭ ኮድ ሲሠራ የቋንቋዎቹ ፋይሎች አብረው አይመጡም። የአማርኛውን ለብቻው አውርጄ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። ማሠልጠኛዎቹንም በማግስቱ ንጋት ሠራሁ።

ዘይት የነካውን ገጽ በሳቮላ ስልት አስነበብኩት። ጥቁር የነበረው ጥግ ወደ ፊደል ተመለሰ። መስመር በመስመር፣ በቃላት መካከል ካለው ሁለት ነጥብ ጋር፣ የአባባ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ብቻዬን ብሆንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ስህተት አልጠፋም። አትሜ ቤታቸው ወሰድኩላቸውና ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በመቃኑ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። የፉርጎዎችን ቁጥር፣ የጭነቱን ዓይነት አለፍን። «ከአረር ጣቢያ የተነሣው ባቡር» ስል እጃቸውን አነሡ።

«አረር አይደለም፣ ኤረር ነው።»

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉ። የዚያን ዘመን የጽሕፈት መኪና ብዙውን ፊደል በአንድ ምት አያወጣም ነበር፤ አካሉን ትመታለህ፣ ከዚያ ምልክቱን ለብቻው ትጨምርበታለህ። የእሳቸው መኪና ደግሞ የኤ ቀለበቷን ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ሳስቶ ይመታ እንደነበር ነገሩኝ። በዋናው ወረቀት ላይ ትታያለች፤ ካርቦኑ ላይ ግን ትጠፋለች። «ጠጋኙን ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ» አሉ።

እንግዲህ ማሠልጠን የምችለው ይህንን ነው። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ምስልና ያንን መስመር በትክክል የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል ያስፈልጋል። ከትናንት ወዲያ ጀመርን። አባባ በየቀኑ አመሻሹ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። እኔ መስመሩን አጉልቼ አሳያቸዋለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስከ ትናንት ማታ 64 መስመር ደርሰናል፤ ኤረር በአምስቱ ውስጥ አለ። ዛሬ የምንጀምረው ከሁርሶ ነው።