በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

ስልኩ የጮኸው ገና ጓንቴን ሳላወልቅ ነው። መርማሪው ኢንስፔክተር ነበር።

«ዶክተር፣ አንዲት ነገር ልጠይቅዎት። ሟች የሞተው በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀናት በፊት አስከሬኑን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስመረምር ገላው ድርቅ ብሏል፣ ደሙ ወደ ጀርባው ወርዶ ረግቷል፣ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ነው። አስከሬን በሰዓት 1 ዲግሪ ይቀዘቅዛል የሚባለው ግምት ብቻ ነው። ብርዱም፣ ልብሱም፣ ውፍረቱም ያዛቡታል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በፊት ሞቷል አልኩ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ እጄ የፈረንጅ ሰዓት ለምዷል። «ከ02:00 እስከ 08:00» ብዬ ፈረምኩ። ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 2 ማለቴ ነው።

ኢንስፔክተሩ ያነበበው ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 8 ነው። ያም ሌሊት ነው፣ ያስኬዳል። ተጠርጣሪው ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ከሟች ጋር ሲጠጣ ታይቷል፤ በዚህ ንባብ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። በእኔ ሰዓት ከሄድን ግን ልጁ ከሌሊቱ 6 ጀምሮ ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካ ነው ያደረው። ሦስት ምስክር አለው። የ14 ቀን ቀጠሮ ተጠይቆበት ያን ቀን 11ኛው ነበር።

«ዜሮውን አላዩትም? 02 ብዬ ዜሮ አስቀምጫለሁ እኮ!» አልኩ። ይህን ማለቴን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

«ዶክተር፣ ዜሮ እኛ ጋ ያው ዜሮ ነው» አለኝ።

ለዚህች ጥያቄ 11 ቀን መቆየት ነበረበት? ስልክ ቁጥሬ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ አለ። ይህን ግን አላልኩትም። ቅድም የሳቅኩት እኔ ነኛ!

ማስተካከያውን የዚያኑ ዕለት ጽፌ ላክሁ። ልጁ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ አጠገብ በአማርኛ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ» እያልኩ እጽፋለሁ። አንድ አለቃዬ ግን የሪፖርት ወግ አይደለም እያለ በቀይ ይሰርዘዋል። እኔም መልሼ እጽፈዋለሁ። እሱ ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት ኢንስፔክተሩ ልጁን ሲድር ጠራኝ። ካርዱ ላይ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል። ከስሩ በእስክሪብቶ «በሐበሻ» ብሎ ጨምሮበታል።