ጉንዳን አጥኚው ሐኪም

ዛሬ ሥራ ስላልነበረኝ ስለ አውጉስት ፎሬል ሳነብ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1848 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሞርዥ አጠገብ የተወለደ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጉንዳን ይከታተላል። በ1874፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ፣ ስለ አገሩ ጉንዳኖች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

በጣም የገረመኝ የሆዳቸው ነገር ነው። ጉንዳን ምግቡን ከሚፈጭበት ሆድ ፊት ሌላ ከረጢት አለው። ፈሳሽ ምግብ በእሱ ይዞ ይመጣል። የራበው ጓደኛው በአንቴናው ሲነካካው ከአፍ ወደ አፍ ያቀብለዋል። ጉርሻ በሉት! ፎሬል ይህን ከረጢት የማኅበር ሆድ ይለዋል።

መደበኛ ሥራው ግን የአእምሮ ሕክምና ነበር። ከ1879 እስከ 1898 ዙሪክ የሚገኘውን የቡርግሆልዝሊ ሆስፒታል መርቷል። የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው ብለው ቀድመው ከተናገሩትም አንዱ ነው።

እዚህ ድረስ ወድጄው ነበር። ከዚያ ሌላውን አነበብኩ። ዘራቸው እንዳይቀጥል ብሎ የአእምሮ ሕሙማን እንዲመክኑ ያደርግ ነበር። ይሄ ሁሉ እያለ በ1970ዎቹ ስዊዞች የ1000 ፍራንክ ኖታቸው ላይ ፊቱን አተሙት፤ በጀርባው ደግሞ ጉንዳኖቹን። እኔ በበኩሌ ጉንዳኖቹ ብቻ ይበቁ ነበር ባይ ነኝ።